ሌንሱ ርካሽ ነው፤ ከባዱ ማስቆሙ

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ። ከጎኑ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጡና መሃሉን በምስማር ብሱት፤ ቀዳዳው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ውሃው እንዳይንሰራፋ የቀዳዳውን ዙሪያ በጥቂት ቫዝሊን ወይም ዘይት አስነኩት። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ውሃ አንሱና ቀዳዳው ላይ ጣል አድርጉ። ጠብታዋ እዚያው ተሰክታ ከላይም ከታችም ሆዷ ነፋ ይላል። አሁን ስልካችሁ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ፕላስቲኩን ወደ ስክሪኑ አስጠጉት፣ ዓይናችሁን ደግሞ ሽፋሽፍታችሁ ፕላስቲኩን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ወደ ጠብታዋ አቅርቡ።

ነጭ የሚባል ነገር የለም! ያለው በሥርዓት የተደረደረ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ነጩን የሚሠራው ሦስቱን ለይቶ ማየት ያቃተው ዓይናችን ነው። እንግዲህ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ ማይክሮስኮፕ ሠራችሁ ማለት ነው።

እንዴት ሆነ? አንድን ነገር አጉልተን ለማየት የምናደርገው የመጀመሪያው ነገር ማስጠጋት ነው። ችግሩ የዓይናችን ሌንስ ገደብ አለው፤ አዋቂ ሰው ያለ ችግር አጥርቶ የሚያየው እስከ 25 ሳንቲሜትር ድረስ የቀረበውን ነው፤ ከዚያ ከቀረበ መደብዘዝ ይጀምራል። የውሃ ጠብታዋ ብርሃኑን ሰብራ ስለምታቀብለን ያ ገደብ ይነሳል፤ ዓይናችን እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ተጠግቶም አጥርቶ ያያል። ስንት እጥፍ እንደጎላ ለማወቅ 250 ሚሊሜትርን ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል ነው። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ድቡልቡል የውሃ ጠብታ የትኩረት ርቀቷም 2 ሚሊሜትር ስለሆነ 125 እጥፍ ታጎላለች። የእኛዋ ጠብታ ቀዳዳው ላይ ጠፍጠፍ ስለምትል ይህን ያህል አትደርስም፤ ግን በአሥሮች የሚቆጠር እጥፍ ታስገኛለች።

ብዙ ሰው የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሌንስ ባነሰ ቁጥር ይበረታል። አያቶቻችን ጋዜጣ የሚያነቡበት ሰፊ ማጉሊያ ከሁለት ወይም ከሦስት እጥፍ አያልፍም። 2 ሚሊሜትር የሆነች የመስታወት ዶቃ ግን 160 እጥፍ ትሻገራለች፤ 1 ሚሊሜትር የሆነችው ደግሞ 330 ገደማ ትደርሳለች። (አስፋልት ላይ የተቀባው ነጭ መስመር በመኪና መብራት የሚያብለጨልጨው ቀለሙ ላይ እንዲህ ያሉ ደቃቅ የመስታወት ኳሶች ስለተበተኑበት ነው። መንገድ መሃል ገብታችሁ ልቀሙ ማለቴ ግን አይደለም።)

በውሃ ጠብታ ማየትን እኛ አልጀመርነውም። ስቲቨን ግሬይ የሚባል የእንግሊዝ አገር ጨርቅ ነካሪ በ1696 የውሃ ማይክሮስኮፕ ሠርቶ ያየውን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጽፎ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የማወራው።) እንዲያውም ጠብታዋ የቆሸሸ ውሃ ስትሆን ሌንሱ ራሱ ውስጥ ያሉት ነገሮች ጎልተው እንደሚታዩ አስተውሏል። ይኸው ሰው በኋላ ኤሌክትሪክ በክር ከቦታ ቦታ እንደሚተላለፍ በማሳየት ታወቀ። ከእሱ የሚበልጠው ባለታሪክ ግን ሆላንዳዊው ነው፤ እሱም የጨርቅ ሰው! አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በዴልፍት ከተማ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከሆላንድኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። የሠራቸው ማይክሮስኮፖች 500 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ እስከ ዛሬ የቆዩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም ብርቱው 270 እጥፍ ገደማ ያጎላል።

ሌቨንሁክ ቁንዶ በርበሬ ለምን እንደሚያቃጥል ማወቅ ፈለገ። ምላስን የሚወጋ ሹል ነገር ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ቁንዶ በርበሬውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ ውሃውን ሲያየው ሹሉ ነገር የለም፤ በምትኩ እስከዚያ ቀን ማንም ያላያቸው ደቃቅ ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ። በ1676 ይህንን ወደ ለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሲጽፍ ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ ሙከራውን ደግሞት ለማኅበሩ አባላት በዓይናቸው ሲያሳያቸው ነው ወሬው እውነት መሆኑ የታወቀው። ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየባቸው ውሃዎች አንዱ እንግዲህ የቁንዶ በርበሬ ዝፍዝፍ ነው።

ሌቨንሁክ ሌንሱን እንዴት እንደሚሠራ ለማንም ሳይናገር ሞተ። ሰዎች ለሦስት መቶ ዓመት ሚስጥሩን ሲገምቱ ኖሩ። በ2021 የሆላንድ ተመራማሪዎች ብርቱውን ማይክሮስኮፕ ሳይፈቱ በኒውትሮን ጨረር ውስጡን ቢያዩት ሌንሱ ከሚሊሜትር ብዙም የማትበልጥ የመስታወት ኳስ ሆና ተገኘች፤ ቀጭን የመስታወት ክር ጫፉን በእሳት በማቅለጥ የምትሠራ ዓይነት። ይህን ዘዴ ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ መግቢያ ላይ በግልጽ ጽፎት ነበር! የተደበቀ የተባለው ነገር አደባባይ ላይ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሁክ ራሱ ለምን በዚያ አልቀጠለም? ሁክ ዓይን ያደክማል፣ ለመጠቀም ያስቸግራል ብሎ ተወው። የሌቨንሁክን መሣሪያ ብታዩት ደግሞ አብዛኛው ነገሩ ሌንስ አይደለም፤ ብሎን ነው። ሁለት ቀጫጭን የነሐስ ሳህኖች ሌንሷን ይይዟታል፤ የቀረው አካል የሚታየው ነገር የተሰካበትን ሹል ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ የሚገፋ ነው። ቤታቸው ማይክሮስኮፕ ለመሥራት የሚነሱ ሰዎች «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብለው ሲጨነቁ ባየሁ ቁጥር ይህን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ማጉላት ቀላሉ ነገር ነው። 100 እጥፍ ስታጎሉ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም 100 እጥፍ አጎላችሁ፤ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ንቅናቄ የ1 ሳንቲሜትር ዝላይ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ልፋታችሁን ማስቆሙ ላይ አውሉት።

አሁን ጠብታዋን ትተን ሳትደርቅ የምትቆይ ሌንስ እንፈልግ። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ርካሽ የሌዘር መብራቶች አንዱን ግዙ። መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ፤ ባትሪው ሳይወጣ አትፍቱት፣ ወደ ማንም ዓይንም አታብሩት። የፊተኛውን ክዳን ስትፈቱ አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት ትመጣለች፤ እሷን ስታዞሩ ከምስር ብዙም የማትበልጥ ጥርት ያለች የፕላስቲክ ሌንስ ትወጣለች። የተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ካላችሁ ደግሞ ሲዲው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ወደ ላይ የምታፈጠው ትንሿ ዓይን ለዚሁ ትሆናለች። በጣት አሻራ አታቆሽሿት፤ በወረንጦ ያዟት።

ካርቶን ላይ ከሌንሷ ጥቂት የጠበበ ቀዳዳ ብሱና ሌንሷን እዚያ ላይ አስቀምጣችሁ ዳር ዳሯን በፕላስተር ያዙ። ካርቶኑን ቀዳዳው በትክክል የስልካችሁ ካሜራ ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ለጥፉት። ስልካችሁ ሦስት አራት ካሜራ ካለው የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ በጣት እየሸፈናችሁ ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ሆዱ የወጣው የሌንሷ ጎን ወደ ካሜራው ሲዞር ምስሉ ይጠራል፤ ግን ሁለቱንም ሞክሩና ዳር ዳሩ ብዙም የማይደበዝዘውን ምረጡ።

ቀጥሎ እግሩ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቁልል መጽሐፍ በመካከላቸው ክፍተት ትታችሁ አቁሙ፤ ስልኩ ስክሪኑ ወደ ላይ፣ ካሜራው ወደ ክፍተቱ ሆኖ እንደ ድልድይ ይጋደምባቸው። ከሥሩ ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ የሲዲ ማቀፊያን ጥርት ያለ ክዳን በሁለት ትናንሽ ሳጥኖች ላይ አሳርፉ፤ የምታዩት ነገር የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው፣ ከሌንሷ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርቆ። ከታች መሬቱ ላይ ሌላ ስልክ ነጭ ገጽ ከፍቶ ያብራ፤ ወይም የእጅ ባትሪ በነጭ ወረቀት ሸፍኑና አኑሩ።

እና ማጥሪያው የት አለ? እዚህ ላይ ነው የምወደው ብልሃት የሚመጣው። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስልኩ በሚያርፍባቸው በሁለቱም ቁልሎች ላይ ጥቂት ወረቀት ደርቡና ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ እያወጣችሁ ዝቅ አድርጉት። ከየወገኑ አንድ ወረቀት ስትጎትቱ ሌንሷ በ0.1 ሚሊሜትር ወረደች ማለት ነው፤ ምስሉ ከድብዝዝ ወደ ጥርት ሲሻገር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የቀረውን ጥቂት ልዩነት ስልኩ ራሱ በካሜራው ያስተካክለዋል። ስክሪኑን በጣት መንካት ስለሚያናውጠው ፎቶውን በ3 ሰከንድ ማዘግያ አንሱ።

መሣሪያ ያለው ሰው መጽሐፉን በቡሎን ይተካው። ኮምፔርሳቶ ላይ ሦስት ረጃጅም ቡሎኖች ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከላይ ስልኩ የሚያርፍበትን ጣውላ በዳዶና በሮንዴላ ማሰር፣ ከመካከል ደግሞ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በዳዶዎች ላይ እንዲወጣና እንዲወርድ ማድረግ ነው። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ ቡሎን ዳዶውን አንድ ዙር ስታዞሩት 1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ሩብ ዙር ሩብ ሚሊሜትር ነው። ትራፓኖ ያለው ጎረቤት ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከስልክ ጋር የሚገኘው ማጉላት ግን ከጠብታዋ በተለየ መንገድ ነው የሚሰላው፤ ማስታወቂያ ላይ «175 እጥፍ» ተብሎ ሲጻፍ ብዙም አትደነቁ። የስልክ ካሜራ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሌዘሯም ተቀራራቢ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምስሉ ካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ላይ የሚያርፈው በነገሩ በራሱ መጠን አካባቢ ነው። አልጎላም ማለት ነው! ጉልበቱ ያለው የተቀባዩ ነጥቦች ጥቃቅን መሆናቸው ላይ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ 1 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ገደማ ናት። 300 ማይክሮን ርዝመት ያለው የሽንኩርት ህዋስ በመቶዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ፎቶውን በጣት ስትለጥጡት ዝርዝሩ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ መለጠጥ ብዥታን ማስፋት ብቻ ነው። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጥርት ያለ የተማሪ ማስመሪያ ከሥሩ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱ፤ በስክሪኑ ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደገባ ካወቃችሁ የቀረው የስክሪኑን ስፋት ለእሱ ማካፈል ነው።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልበል፤ ብዙው ሰው የሚሰናከልበት ነውና። ብርሃን በበዛ ቁጥር የተሻለ ይታያል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ህዋሳት ግን ጥርት ያሉ ናቸው፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ሲጥለቀለቅባቸው ጠርዛቸው ይጠፋል። አንድ ጥቁር ካርቶን በእስክሪብቶ ጫፍ ብሱና ቀዳዳውን ከምታዩት ነገር ሥር፣ ከብርሃኑ በላይ አድርጉት። በአንድ ጊዜ መስመሮቹ ጠቆር ጠቆር ብለው ብቅ ይላሉ። ካርቶኑን ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉት ብርሃኑ በአግድም ይመጣና ነገሩ ጎርበጥ ያለ መልክ ይይዛል። ምንም ሳያስወጣ ሌንስ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ካርቶን ነው።

አሁን ወጥ ቤት ግቡና ቀይ ሽንኩርት አምጡ። ነጩን ሽንኩርት ለማየት አዮዲን ያስፈልጋል፤ ቀዩ ግን ቀለሙን ይዞ መጥቷል። ደረቁን ልጣጭ ጣሉት። ከወፍራሙ ሥጋ ውጫዊ ጎን፣ ሐምራዊ ከሆነው፣ በወረንጦ ወይም በጥፍር ስስ ሽፋን ላጡ። አሳላፊ እስኪሆን መሳሳት አለበት፤ ወፍራም ከሆነ አንዱ ህዋስ በሌላው ላይ ተደራርቦ ምንም አይታይም። ጥፍር የምታህለውን የሲዲ ክዳኑ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ሳትጨማደድ ዘርጉና ከላይ ከሃይላንዱ ትንሽ ጠፍጣፋ ቁራጭ ክደኑባት። የምታዩት እንደ ግንብ ድንጋይ የተደረደሩ ረጃጅም ክፍሎችን ነው፤ እያንዳንዱ በሐምራዊ ፈሳሽ ተሞልቷል።

ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አሟሙና አንድ ጠብታ ከክዳኑ ዳር አንጠባጥቡ። በሌላው ወገን ሶፍት አስጠጉ፤ ሶፍቱ ንጹሑን ውሃ ሲመጥ ጨዋማው ይገባል። ቪዲዮ መቅረጽ ጀምሩ! በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው ከግድግዳው ይላቀቅና ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ባዶውን ቆሞ ይቀራል። ጨው የህዋሱን ውሃ ወደ ውጭ ስቦ አወጣው። ቋንጣ ጨው ሲነካው ውሃ የሚተፋው፣ ለባክቴሪያም የማይመቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሳትቆዩ ንጹሕ ውሃ መልሳችሁ ብታስገቡ ሐምራዊው እንደገና ይነፋል፤ ህዋሱ እስካሁን በሕይወት ነበር ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነው። ፎቶ መጽሐፍ ውስጥም ሞልቷል፤ በገዛ ጨውህ ግን ሲንቀሳቀስ ማየት ሌላ ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ። የገበታ ጨው ራሱ ትናንሽ ኩብ ነው። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነች ሙሉ አካሏ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። የፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው። የጥጥ ጭረት ጠፍጣፋ ሆኖ ጥምዝምዝ ይላል፤ ፖሊስተር ግን እንደ ሽቦ ልሙጥ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁን ነጠላ ከጥለቱ አንድ ክር መዝዛችሁ መርምሩ። ድሩንና ማጉንም አወዳድሩ፤ በእጅ የተፈተለው ማግ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የፋብሪካ ድር ግን ወጥ ነው።

አቅሙ የሚያልቅበትንም ማወቅ ደግ ነው። የጠላ እርሾ ህዋስ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ስለሆነ በሌዘር ሌንስ ነጥብ ብቻ ይመስላል፤ እሱን ቅርጽ ሰጥቶ ለማየት ወደ ሌቨንሁክ ዓይነት የመስታወት ዶቃ መሻገር ያስፈልጋል። ይህ መንገድ የቀልድ አይደለም። በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ ከወረቀት የሚታጠፍ፣ የዕቃው ዋጋ ከ1 ዶላር በታች የነበረ ማይክሮስኮፕ ያወጡት በእንዲህ ያለች ደቃቅ ኳስ ሌንስ ነው። ወባን ግን እርሱት። ጤና ጣቢያ ውስጥ የወባ ተውሳክ የሚታየው ደሙ በልዩ ቀለም ተቀብቶ፣ 1000 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ነው። ቤት ውስጥ ደም እየወጉ መመርመር አያስፈልግም።

ለመጨረሻ የምታቆዩት ቄጠማውን ይሁን። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ ሲደርቅ አትጣሉት፤ ጥቂቱን በማሰሮ ከዝናብ ወይም ከኩሬ ውሃ ጋር ዘፍዝፉና ሳትከድኑ ጥቂት ቀን አቆዩት። በደረቅ ሣር ላይ ክፉ ቀንን የሚያሳልፉበት ሽፋን ለብሰው የተኙ ደቃቅ ፍጥረታት አሉ፤ ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ፣ ባክቴሪያ እየበሉም ይባዛሉ። ውሃው ላይ ስስ ሽፋን ሲይዝ ከሽፋኑ አጠገብ አንድ ጠብታ ቅዱ፤ ጥሬ ውሃ ስለሆነ እጃችሁን ከዚያ በኋላ ታጠቡ። ስክሪኑ ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚሮጡ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ትላልቆቹ ጫማ መሳይ ናቸው፣ ርዝመታቸው ከሩብ ሚሊሜትር ብዙ አይርቅም። መጽሐፉን፣ ወረቀቱንና ስልኩን አስቁማችሁ ስታበቁ የምታዩት ራሱ አልቆም ይላል! አንድ ሲታይ ይሮጥና ይጠፋል፤ ለማሳደድ የሲዲ ክዳኑን ስትገፉ ሁሉም ነገር ይናወጣል። ለዚህ ከፋርማሲ ጥጥ ላይ ጥቂት ጭረት ነጭታችሁ ጠብታው ውስጥ አፍታቱና ከዚያ ክደኑት። ጭረቶቹ ተቆላልፈው ትናንሽ በረት ይሠራሉ፤ ፍጡሩ አንዱ ውስጥ ይገባና ግድግዳውን እየነካ ይዞራል፣ ከስክሪናችሁም አይወጣም። ቪዲዮውን ያን ጊዜ ጀምሩት።